ፖሊስም ቀበሌም እድርም አለን፣ ማታ ግን ማንም የለም፤ እናንተ ሰፈር እንዴት ተስማማችሁ? (ባህር ዳር)

የሐይቅዳር_ጸሐፊ

ሰላም ጎበዝ። ባህር ዳር ያላችሁ በተለይ እስቲ ምክር ወዲህ በሉ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፣ ጽሕፈቱ ደህና ነው ተብሎ ደግሞ የሰላም ኮሚቴ የሚባለው ውስጥ አስገቡኝ። ሰፈሩን አልጠራም፣ ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ፣ ዋናው አስፋልት ላይ ኮሪደር የተሰራበት ነው በሉት። አስፋልቱ ላይ ማታ መርፌ ብትወድቅ ትታያለች፣ ሁለት መታጠፊያ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ግን የስልካችንን መብራት አብርተን ነው የምንሄደው።

ችግሩ ያው የሁሉም ሰፈር ነው። ስልክ መንጠቅ፣ የውሃ ቆጣሪ ፈቶ መሄድ፣ በር ላይ የቆመ ሞተር ማንሳት። ሰዓቱም የታወቀ ነው፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዛ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ኪዳን የሚሄዱ እናቶችና ለሱብሂ የሚወጡ አባቶች ላይ። በቀደም አንዷን እናታችንን ገፍትረው ቦይ ውስጥ ጥለዋቸው ሄዱ፣ የወሰዱባቸው እኮ ባለቁልፏን ስልክ ነው፣ እጃቸው እስካሁን በጀሶ ነው።

ከዛ በኋላ ስብሰባ ጠራን፣ እውነት ለመናገር ሁሉም መጣ። ፖሊስ መጣ፣ ከቀበሌ መጡ፣ ሰላምና ጸጥታ መጣ፣ የባጃጅ ማህበር ተወካይ መጣ፣ የሦስት እድር ዳኞች ነበሩ፣ የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ፖሊስ ህብረተሰቡ መረጃ ይስጠን አለ፣ ህብረተሰቡ መረጃ ሰጥተን ማን ደረሰልን አለ፣ መብራቱ ሲጠየቅ ምሰሶው የአንዱ መስሪያ ቤት ነው አምፖሉ የሌላው ነው ቆፍሮ ገመዱን የበጠሰው ደግሞ ሦስተኛ ነው ተባለ፣ ቀበሌ የሰው ኃይል የለኝም አለ፣ የባጃጁ ተወካይ አባሎቼን ሌባ አትበሉ ብሎ ተቆጣ። ከዛ "በቅንጅት እንሰራለን" ብለን ፈረምን። ማታ ቤት ገብቼ ቃለ ጉባኤውን ሳነበው ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚል አንድ መስመር የለበትም።

አሁን ሁለተኛ ስብሰባ እንጥራ እያሉኝ ነው። ያው እንዳይሆን ፈርቻለሁ። እናንተ ሰፈር የሰራ ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ማን ነው የሚጠራው፣ ምንድነው መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ የሌሊት ጥበቃ ቀጥራችሁ እንደሆነስ ከፖሊስ ጋር እንዴት ነው የሚገናኘው? ፖለቲካ ባታስገቡብኝ ደስ ይለኛል፣ ሁላችንም ያለንበትን እናውቃለን።


ሁሌ_ስብሰባ

አበል ካለው ለሁለተኛውም ይመጣሉ አትጨነቅ 😂

ቀልዱን ትተን፣ የእምቦጭ ዘመቻውን ታስታውሳለህ አይደል? ቅዳሜ ሁሉም ቦቲ ጫማውን አድርጎ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እምቦጩ እጥፍ ሆኖ ይጠብቅሃል። የናንተም ኮሚቴ እንደዛው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሎ ያልተከፈተ ስብሰባ አይቼ አላውቅም፣ እስካሁን የታሰረ አንበሳ ግን አላየሁም። እኔ ብሆን ስብሰባውን ትቼ ሰው በሩን ያጠናክር፣ ውሻ ይግዛ እል ነበር። መብራት መብራት ትላላችሁ፣ እኛ ጋ ሌባው የሚሰርቀው አምፖሉን ራሱን ነው።


ጡረታ_ወጣሁ

የሐይቅዳር፣ እኔ ፖሊስ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ችግኝ እያፈላሁ ነው የምኖረው። ልጄ፣ ከላይ ያለው ወንድማችን የሚለው ግማሹ እውነት ነው ግን ውሻ ግዙ ብሎ ነገር የለም፣ ቦይ ውስጥ የወደቁት እናት መንገድ ላይ ነው የተጠቁት፣ ውሻው ግቢ ነው ያለው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፉት ወራት ከተነጠቁት ስልኮች ስንቱ ጣቢያ ተመዝግቧል? እንደምገምተው ከአስሩ አንዱም አልተመዘገበም። ሰው "ምን ያደርጉልኛል" ብሎ ይተወዋል። ሀላፊው ግን ጠዋት የሚያየው መዝገቡን ነው። ፓትሮል ወዴት ይሂድ ሲባል መዝገቡ ላይ ያለበት ሰፈር ይሄዳል፣ እናንተ ሰፈር ባዶ ነው፣ ስለዚህ ሰላም ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ክፋት አይደለም፣ አሰራሩ ነው። እና ለስብሰባው ከመሄድህ በፊት ቤት ለቤት ዙርና በደብተር ጻፍ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቱ ጥግ ላይ እንደሆነ፣ በእግር ነው በሞተር ነው የመጡት። የሰው ስም አያስፈልግህም። ያን ይዘህ ስትገባ ስብሰባው ሌላ ይሆናል። እኛ ስልጠና ላይ ሦስት ነገር ሲገጥም ወንጀል ይፈጸማል ይሉን ነበር፣ የመስረቅ ፍላጎት ያለው ሰው፣ የሚሰረቅ ነገር፣ ጠባቂ የሌለው ቦታ። ፍላጎቱን አንተ አታጠፋውም፣ ቦታውን ግን ትችላለህ።

ሁለተኛ፣ ለሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር አትጠይቅ። አንድ ጥግና አንድ ሰዓት ይዘህ ግባ። "ከወፍጮ ቤቱ እስከ መታጠፊያው፣ ከ1 ተኩል እስከ 3 ሰዓት" ብለህ ያንን ብቻ። ለፖሊሱ በዛ ሰዓት ማን ነው የሚያልፈው በለው፣ ለመብራቱ ያቺን አምፖል ማን ነው የሚቀይራት በለው። ለቅንጅት ሁሉም ሰው እሺ ይላል፣ ለአንዲት አምፖል እምቢ ለማለት ግን ያፍራል።

ሦስተኛው የሚዘለል ነው። ለቀጠናችሁ የተመደበው ፖሊስ ስልክ ይኑራችሁ፣ ግን እሱ ይዛወራል። ከስድስት ወር በኋላ ስልኩን ስትደውሉ ሌላ ወረዳ ሆኖ ያነሳዋል። ስለዚህ የጣቢያውን የተረኛ ስልክ ያዙ፣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ከእድር ዳኞች ጋር አስተዋውቆት እንዲሄድ ጠይቁ። ይሄን ስታደርጉ እናንተም ዳኛ ስትቀይሩ አስተዋውቁ፣ እኔ ዘመን ስንት ጊዜ ስንደውል ሰውዬው ከኮሚቴ ወጥቷል ይሉን ነበር።

ሌላም አለ፣ ሰው መረጃ መስጠት የሚያቆመው የተያዘው ልጅ በሦስተኛው ቀን ሰፈር ሲታይ ነው። "ጉቦ በልተው ለቀቁት" ይባላል። አንዳንዴ የሚባለው ያጋጥማል አልዋሽም፣ ብዙ ጊዜ ግን ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶለት ነው፣ ምስክር ደግሞ አልቀረበም። ፖሊሱ በየወሩ እድሩ ላይ መጥቶ "ያ ጉዳይ እዚህ ደርሷል" ቢል ግማሹ ሐሜት ይቀራል። ይሄን በስብሰባው አስፈርመው።


የማታ_ተማሪ

ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው ግን እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ ለጸሐፊው፣ ፖሊስ መጣ የእድር ዳኞች መጡ የሃይማኖት አባቶች መጡ አልክ፣ ሴት ነበረች? የቦይ ውስጧን እናት ጠርታችኋታል? እኔ ኤክስቴንሽን ነው የምማረው ማታ ከክፍል ስወጣ የት ጋ ጫማዬን እንደማጠብቅ አውቃለሁ፣ የትኛው ጅምር ህንጻ ላይ ወጣቶች እንደሚቀመጡ፣ የትኛው የባህርዛፍ አጥር መንገዱን እንደሚጋርድ፣ ክዳን የሌለው ቦይ የት እንዳለ፣ ይሄን የማያውቅ የሰፈር ሴት የለችም ኮሚቴው ግን በመኪና ወይ በሞተር ስለሚገባ አያየውም።

የኔ ምክር ሁለተኛውን ስብሰባ አዳራሽ አታድርጉት። ማታ 2 ሰዓት ላይ በእግር አድርጉት። ፖሊሱም የቀበሌውም የመብራቱም ሰው ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ያንን መንገድ አብረው ይሂዱበት። እኛ ሰፈር ተማሪዎች ተሰብስበን ከአንድ የአስተዳደር ሰው ጋር እንዲህ አድርገን ነበር፣ ሰውዬው መንገዱ መሀል ላይ ደርሶ የራሱን ስልክ መብራት ሲያበራ ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። አጥሩ በሳምንቱ ተከረከመ፣ የተከረከመው በመስሪያ ቤት አይደለም በባለቤቱ ነው፣ ለካ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

@ሁሌ_ስብሰባ ለመብራቱ ነገር፣ ኒውዮርክ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ሞክረውት ነበር፣ የትኛው የኪራይ ቤቶች ግቢ ተጨማሪ መብራት እንደሚተከልለት በዕጣ ለይተው። ሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል መብራት በገባበት 36 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የኛ ከተማ ኒውዮርክ አይደለም አውቃለሁ ግን ውሻ ግዛ ከሚለው ይሻላል። አምፖሉ ይሰረቃል ላልከው ደግሞ ከፍ ብሎ ይሰቀላል በሽቦ ወንፊት ይሸፈናል፣ ሱቆች በረንዳ ላይ እንዴት እንደሚያደርጉት አይተህ አታውቅም?


ባለሶስት_እግር

እኔ ባጃጅ ሹፌር ነኝ እንግዲህ ስድቡን እንዳለ እንውሰደው። የማህበሩ ተወካይ የተቆጣው ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ስብሰባ ላይ ሁሌ ባጃጅ ባጃጅ ይባላል፣ አዎ በባጃጅ የሚነጥቅ አለ እኔም አውቃለሁ ግን እሱ አባል አይደለም፣ የጎን ቁጥር የለውም ወይ በጭቃ ሸፍኖታል ወይ የሌላ መስመር ቁጥር ነው የለጠፈው፣ እኛ ደግሞ ቁጥራችን ከጎንም ከኋላም ተጽፎ በየመንገዱ እንቆማለን ፍተሻ ነው ሊብሬ ነው መታወቂያ ነው፣ ለፍተሻ የሚቀለው ቁጥሩ የሚታየው ስለሆነ የሚያዘው ሁሌ ህጋዊው ነው።

ማታ ሰው በእግሩ የሚሄደው ለምን ይመስላችኋል፣ ባጃጅ ስለሌለ ነው። ባጃጅ ለምን የለም፣ ሰዓት ሲመሽ እንቆማለን እንቀጣለን ብለን ስለምንፈራ በጊዜ እንገባለን፣ አሁን ባለው ሁኔታ ማን ይጫወታል። ስለዚህ ተማሪዋ ጨለማ ውስጥ በእግሯ ትሄዳለች። ይሄን ማንም አያገናኘውም፣ ትራንስፖርቱ ለብቻ ጸጥታው ለብቻ ነው የሚሰበሰበው።

እኛ መስመር ላይ ያደረግነውን ልንገርህ፣ በተራ በየማታው ጥቂት ባጃጆች ብቻ ትንሽ አምሽተው እንዲሰሩ ከቀበሌና ከፖሊስ ጋር ተነጋገርን፣ የተረኞቹ የጎን ቁጥር ማታ ማታ ለተረኛ ፖሊሱ ይላካል፣ ስለዚህ ሲያዩት ያውቁታል አያስቆሙትም፣ እሱም የሚያየውን ይናገራል ምክንያቱም አይፈራም። ከዛ በፊት እኮ አንድ ነገር አይተን ብንደውል የመጀመሪያው ጥያቄ "አንተ በዚህ ሰዓት እዛ ምን ትሰራለህ" ነበር፣ ማነው የሚደውለው እንግዲህ? ሁለት ወር ያህል በደንብ ሰራ፣ ከዛ ሀላፊው ተቀየረና አዲሱ አላውቅም አለ፣ እንደገና ከዜሮ። በጽሁፍ ስላልነበረ ነው። ጋሼ ያሉት ስለ ማስተዋወቅ እሱ ነው ዋናው።


ድንገተኛ_ክፍል

ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ነው የምሰራው፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ጤና ስላልተጠራ ነው የጻፍኩት።

ቅዳሜ ማታ የሚመጣልንን አስቡት፣ በጠርሙስ የተወጋ፣ በዱላ የተመታ፣ ስልኩን አልሰጥም ብሎ የተቆረጠ። ብዙዎቹ ለፖሊስ አላመለከቱም አያመለክቱምም፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር ተጣልተው ነው ወይ ይፈራሉ ወይ መጠጥ ቤት ነበርኩ ማለት አይፈልጉም። ለኛ ግን የት እንደሆነ ይናገራሉ ምክንያቱም እየሰፋናቸው ነው 🙂። ስለዚህ ፖሊስ የማያውቀውን ጥግ እኛ እናውቃለን፣ ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ የምትባል ከተማ ይሄንኑ አይተው ስርዓት አደረጉት። ጆናታን ሼፐርድ የሚባል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነው የጀመረው፣ የተሰበረ መንጋጋና በብርጭቆ የተቆረጠ ፊት ሲሰፋ ሲሰፋ ከነዚህ ሰዎች ትልቁ ክፍል ፖሊስ ጋ እንዳልደረሰ አስተዋለ። ከዛ በኋላ የሆስፒታሉ እንግዳ ተቀባዮች ሦስት አራት ነገር መጠየቅ ጀመሩ፣ የት ቦታ፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ተመታህ። የህመምተኛው ስም ሳይጨመር መረጃው ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር በየጊዜው ይሰጣል። እነሱ ደግሞ ፓትሮሉን ወደዛ ያዞራሉ፣ ጠብ የሚበዛበትን መጠጥ ቤት ያነጋግራሉ፣ በቀላሉ የማይሰበር ብርጭቆ ይጠቀሙ ብለው ያስገድዳሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ በወጣው ጥናት፣ በጥቃት ተጎድቶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቁጥር ተመሳሳይ ከተሞች ውስጥ ከታየው ጋር ሲነጻጸር 42 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

ኮምፒውተር ምናምን አያስፈልገውም። ወሩ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ "በዚህ መጠጥ ቤት አካባቢ ይሄን ያህል፣ አብዛኛው ከ4 ሰዓት በኋላ፣ አብዛኛው በጠርሙስ" የሚል። ስም የለ፣ የካርድ ቁጥር የለ። ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው ምክንያቱም ህመምተኛው ነገ ፖሊስ ቤቱ ሊመጣ እንደሚችል ካሰበ ቁስሉን ቤቱ ነው የሚያክመው፣ አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ ይሄ ፍርሃት ቀላል አይደለም። ማንም ሰው የዚህን ሰው ስም ስጡኝ ብሎ አንዴ ከጠየቀ ነገሩ ያበቃል፣ እኔ ራሴ አልሞላም።


ሁሌ_ስብሰባ

እሺ ይሄኛው ጥሩ ነው። ግን ካርዲፍ ላይ ህግ አለ ወንድሜ፣ እኛ ጋ ሰው ደስ ሲለው ነው።


ጥቁር_ካባ

ከላይ ላለው፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ህግ ፖሊስና የአካባቢ አስተዳደር ወንጀል ለመከላከል አብረው እንዲያቅዱ ያስገድዳል፣ ልክ ነህ። የካርዲፉ ሐኪም ግን ከሱ በፊት ነው መዝግቦ የጀመረው፣ ህግ አልጠበቀም።

እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው፣ ጠበቃ ነኝ፣ ስለ ሌሊት ጥበቃው። ጸሐፊው ጥበቃ ልትቀጥሩ ነው መሰለኝ፣ እባካችሁ ፊሽካና ባትሪ ስጧቸው ስልጣን ግን አትስጧቸው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርዓት ህግ ቁጥር 50 መሰረት ማንም ሰው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ያለ መጥሪያ መያዝ ይችላል፣ ይዞ ግን ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ ነው። ቤት መፈተሽ የለም፣ "ተጠርጥሯል" ብሎ ጓዳ ውስጥ ማሳደር የለም፣ መደብደብ ጭራሽ የለም። ሰፈር ውስጥ ሌባ ተያዘ ሲባል ሁሉም አንዳንድ ዱላ ያሳርፋል፣ ልጁ ሲሞት ግን ክሱ ሰፈሩ ላይ አይመጣም፣ ምስክር በጠራው ሁለት ሦስት ሰው ላይ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ መዝገብ ይዤ አውቃለሁ፣ የተሰረቀው ጀሪካን ነበር።

ህገ መንግስቱ ቁጥር 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ቁጥር 20 ላይ ደግሞ እስኪፈረድበት ንጹህ ነው። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት በሦስተኛው ቀን ሰፈር ቢታይ መለቀቁ ብቻውን የጉቦ ማስረጃ አይደለም።

ካሜራ የምትሰቅሉም ካላችሁ ወደ መንገድ እንጂ ወደ ጎረቤት ግቢ አታዙሩት፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የተጠረጠረ ልጅ ፎቶ የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ "ሌባ" ብሎ መለጠፍም ራሱን የቻለ የስም ማጥፋት ክስ ነው።

ቀበሌውን ግን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁት፣ የቤት ኪራይ ምዝገባ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሁፍ ይሁን ይመዝገብ ይላል። አከራዮች ግብር ፈርተው አያስመዘግቡም፣ እሺ፣ ግን ግቢያቸው ውስጥ ማን እንደሚያድር ራሳቸውም አያውቁም። ይሄን ስል ተከራይ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው ማለቴ አይደለም፣ ከገጠር የመጣ ሁሉ፣ ተፈናቅሎ የመጣ ሁሉ እየተጠራ መታወቂያ አምጣ ሲባል ያየሁት አስጠልቶኛል። ውሉ ተከራዩንም ይጠብቀዋል።


ጥገና_ቤት

ሞባይል ጥገናና መሸጫ አለኝ፣ ስለ ስልኩ ጉዳይ እኛን ማንም ስላልጠራን ራሴን ጠራሁ።

የተነጠቀ ስልክ ገዢ ባይኖረው አይነጠቅም፣ በቃ። ማታ የተነጠቀው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እኛ ጋ ይመጣል፣ ቻርጀር የለው ካርቶን የለው፣ ፓተርኑን አያውቀው፣ "ፎርማት አርግልኝ" ይላል። አይቶ የማያውቅ ነጋዴ የለም። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰው በወንጀል ህጉ ቁጥር 682 ተጠያቂ ነው፣ ግን ሁሉም ነጋዴ "አላወቅሁም" ይላል።

እኛ መደዳ ላይ ያለን ጥቂቶች ተስማምተን ያገለገለ ስልክ ስንገዛ የሻጩን መታወቂያ ፎቶ እናነሳለን፣ *#06# ደውለን የሚወጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር (የየስልኩ መለያ ቁጥር ነው) ደብተር ላይ እንጽፋለን፣ ሻጩ ይፈርማል። ከዛን ቀን ጀምሮ ያ ፎርማት አርግልኝ የሚለው ልጅ እኛ ጋ አይመጣም። ግን የት ሄደ? ደብተር የማይዘው ሱቅ ሄደ። ስለዚህ ፖሊስና ንግድ ጽህፈት ቤት አንድ ላይ ሆነው ሁሉም ሱቅ ደብተር ይያዝ ካላሉ እኛ ገበያ ከማጣት በቀር ምንም አላመጣንም። ጸሐፊው ሁለተኛ ስብሰባህ ላይ ንግድን ጥራ፣ ፖሊስን ስንት ጊዜ ትጠራለህ።

ለሁላችሁም፣ አሁኑኑ *#06# ደውሉና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልኩ ላይ አይደለም ወረቀት ላይ። ሲሰረቅባችሁ ያለዛ ቁጥር ብታመለክቱ ፖሊሱ ቢያገኘው እንኳን ያንተ ነው ሊልህ አይችልም፣ ጥቁር ሳምሰንግ በከተማው ውስጥ ስንት አለ።


የዋሽንግተን_ጎረቤት

ያደግኩት ባህር ዳር ነው፣ እኛ ከዚህ ተዋጥተን ካሜራ ብንልክስ? ስድስት ሰባት ሰው ነን።


የሐይቅዳር_ጸሐፊ

እግዜር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። @የዋሽንግተን_ጎረቤት ካሜራው ይቆየን ወንድሜ፣ መብራት በሌለበት ካሜራው ምን ያያል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም አብሮ ይጠፋል። ብትችሉ ለሶላር አምፖል ብታዋጡ በየሰው በር ላይ እንሰቅለዋለን፣ ማንንም ማስፈቀድ የለብንም።

ትላንት ማታ ደብተር ይዤ ጀመርኩ። ጋሼ ትክክል ነዎት፣ ከጠየቅኳቸው ውስጥ ጣቢያ ሄዶ ያስመዘገበ ያገኘሁት አንድ ቤት ነው፣ እሱም ሲምካርዱን ለማውጣት ማስረጃ ስለተጠየቀ ነው። የገረመኝ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ችግሩ ታች ወደ ሐይቁ ያለው ቁጥቋጦ ነው ብዬ ነበር የምከራከረው።

@የማታ_ተማሪ ሴት አልነበረችም እህቴ። የሴቶች እድር ሰብሳቢዋን አነጋግሬያለሁ፣ ማታ በእግር እንሂድ ስላት "እኔ ቀድሜ ነው የምሄደው፣ እናንተ ከኋላ ተከተሉ" አለችኝ። ለመብራቱ ሰው፣ ለፖሊሱ፣ ለቀበሌው፣ ለንግድ ለየብቻ አንዳንድ ወረቀት እጽፋለሁ፣ አንድ ጥያቄ አንድ ቀን። ጥበቃዎቹን በተመለከተ እድሩ ሁለት ሰው ይቀጥራል፣ ተረኛ ፖሊሱ ስማቸውን ያውቃል፣ ዱላ አይዙም። ባጃጆቹን ገና አላናገርኩም፣ ተወካዩ አሁንም አኩርፏል። @ባለሶስት_እግር ያኔ የተስማማችሁትን ወረቀት ላይ አስፍረህ ብትልክልኝ እሱን ይዤ ብሄድ ይሻላል መሰለኝ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ የጤናው ጉዳይ። እኛ እንደ እድር ሆስፒታል ሄደን ስጡን ብንል ይሰጡናል?


ድንገተኛ_ክፍል

ለእድር አይሰጡም፣ መስጠትም የለባቸውም። በከተማው ጤና መምሪያ በኩል ነው መጠየቅ ያለበት፣ በደብዳቤ፣ "ስም የሌለው ወርሃዊ ድምር" ብላችሁ በግልጽ ጽፋችሁ። ከዛ በፊት ግን አቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ኃላፊ ስብሰባው ላይ ይምጣ፣ እሱ ከመጣ ደብዳቤው የት እንደሚገባ ራሱ ይነግራችኋል።


ባለሶስት_እግር

ወረቀቱን እጽፍልሃለሁ ግን ተወካዩን ስታናግረው ስብሰባ ላይ አታናግረው፣ ሰው ፊት ይከራከራል። ጠዋት ተራ ሲያስከብር ሂድና ሻይ ጋብዘው።


ጡረታ_ወጣሁ

የጸሐፊው ወረቀት ጥሩ ነው፣ ላዩ ላይ የኮሚቴውም የእድሩም ማህተም ይሁንበት፣ ኮፒውን ተቀብያለሁ ብሎ የሚፈርምልህን ሰው ስምና ቀን አስይዝ። ያ ፊርማ ነው ቀጣዩ ሀላፊ አላውቅም እንዳይል የሚያደርገው። ቀኑን ደግሞ ቅዳሜ እንዳታደርገው፣ ገበያ ነው፣ ሴቶቹ አይመጡም። እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ጉዳዩን አንብብላቸው፣ የእግሩን ዙር ሰኞ ማታ አድርጉት፣ ሰኞ ፖሊሱም ከሳምንቱ መጨረሻ ጠብ አርፎ ነው የሚገኘው።